ኖርማ ሀብታም የምትሆንባቸው ሁለት ወራት

የዚያን ሰኞ ጠዋት በረዶው ከላይ አልነበረም የሚወርደው፤ ከባሕሩ ወገን በአግድም ነበር የሚመጣው። ግማሹ በረዶ ግማሹ ውሃ፣ ጃንጥላ የሚገለብጥ፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚያድር ዓይነት። የሰሜን እንግሊዟ ሰንደርላንድ ፌብሩዋሪ ላይ እንዲህ ናት፤ ማንም አይገረምባትም። የትምህርት ቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ልጆቹ ቤታቸው እንዲውሉ ስለተባለ፣ እዚያው ወጥ ቤት የምትሠራው ኖርማ ሌይድለር ሳታስበው ዕረፍት አገኘች። የባሏ የክሊፍ ሥራ ደግሞ እነዚያኑ ልጆች አስፋልት ማሻገር ስለነበር እሱም ቤት ዋለ፤ ያውም ጉንፋን ጥሎት። ሌላ ጊዜ ወር በገባ ማግሥት ከባንክ ገንዘብ የሚያወጣው እሱ ነበር። የዚያን ዕለት ግን አፍንጫውን እየተናፈጠ ካርዱን ሰጣትና፣

"አንቺ ሂጂ፤ እኔ ከሞትኩ ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል" አላት።

"በጉንፋን የሞተ ወንድ እስካሁን አላየሁም፤ ሞትኩ የሚል ግን በየዓመቱ አያለሁ" ብላው ወጣች።

በዚያ አየር ፈገግ ብሎ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። ምክንያት ነበራት።

ኖርማ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ዓሣ ፋብሪካ ገባች። ፋብሪካው ሲዘጋ ልብስ ስፌት፣ ስፌቱ ሲዘጋ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት። ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላት ስለ ገንዘብ አጥብቃ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደማይበቃ። የእሷና የክሊፍ ደመወዝ ወር በገባ ቀን ባንክ ይገባል። በዚያው ቀን የቤት ኪራዩ፣ ጋዙ፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ ስልኩ፣ የቴሌቪዥን ፈቃዱና የማዘጋጃ ቤቱ ግብር ሰልፍ ይዘው እንዳደሩ ሰዎች ተራ በተራ ገብተው ይቆርጡታል። ከዚያ የምግቡ ይነሣል። በመጨረሻ አርባ ፓውንድ ትቀራለች። ቤት ውስጥ "ፍርፋሪ" ይሏታል። ከፍርፋሪዋ ጫማ ይገዛል፣ ጥርስ ይታከማል፣ ለልጅ ልጅ የልደት ስጦታ ይወጣል። ሁሉም በአንድ ወር ከመጡ አንዱ ይዘለላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው የኖርማ ጫማ ነው። አታማርርም ነበር። ማማረርም ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለት ወር ግን ነበራት። የማዘጋጃ ቤቱ ግብር የዓመቱ በአሥር ተካፍሎ ነው የሚከፈለው፤ ኤፕሪል ይጀምርና ጃንዋሪ ያልቃል። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ያቺ ዘጠና ዘጠና ፓውንድ የትም አትሄድም። ይህን መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል። በእነዚያ ሁለት ወራት ዓሣ ጠባሹ ደጃፍ ሰልፉ ይረዝማል፣ ቢንጎ አዳራሹ ወንበር ያጥረዋል፣ ዓመቱን በሻርፕ የታሰረ ፀጉር ተሠርቶ ይወጣል። ኤፕሪል ሲገባ ሁሉም ወደየሻርፑ ይመለሳል።

የዚያን ዓመት ኖርማ ገንዘቡ ሳይመጣ ቦታ ሰጥታዋለች። ታላቅ እህቷ ሂልዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ዳሌዋ ታሞ ማርች ላይ ሊቀየርላት ቀጠሮ ተይዟል። ኦፕራሲዮኑን እንደምትፈራ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ማታ ማታ ያለ ምክንያት እየደወለች ስለ አየሩ ታወራለች። አንድ ቀን ታዲያ፣ ከመቆረጤ በፊት ስካርቦሮ ሄጄ ባሕር ዳር ሆቴል አራት ቀን መተኛት እፈልጋለሁ አለች።

"እዚህ ባሕር የለም እንዴ?" አለቻት ኖርማ። "መስኮትሽን ብትከፍቺ ፊትሽን ያጥብሻል።"

"የዚህኛው ባሕር ችግሬን ሁሉ ያውቃል። እኔ የማያውቀኝ ባሕር ነው የምፈልገው።"

የሂልዳ ጡረታ ፍርፋሪ እንኳ አልነበረውም። ኖርማ "በኔ ይሁን" አለች። በክረምት ዋጋው ግማሽ ነው፤ አውቶቡሱን ጨምሮ ለሁለት ሰው ሁለት መቶ ፓውንድ። አርባውን ለገና ሰሞን ከፈለች። የቀረው መቶ ስልሳ እስከ ዓርብ ካልገባ ክፍሉም ለሌላ ይሰጣል፣ የከፈለችው አርባም አይመለስም። ሂሳቡ ቀላል ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ሠላሳ፣ የወሩ ፍርፋሪ አርባ፣ ግብር የሌለበት ወር ዘጠና። መቶ ስልሳ ሞላ።

ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ኤቲኤም ፊት ቆማ የምግቡን በልቧ ቀነሰችና የቀረውን አየች። መቶ ሠላሳ መሆን ነበረበት። ሃምሳ አምስት ነበር። ካርዱን አውጥታ በካፖርቷ ጠርጋ መልሳ አስገባች። ሃምሳ አምስት።

ከኋላዋ ወረፋ የያዘው ጎልማሳ፣ "እናቴ፣ ማሽኑ ቢለምኑትም አይጨምርም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ" አላት።

ዝርዝሩን በወረቀት አስወጣችው። የመጨረሻው መስመር ላይ "ማዘጋጃ ቤት፣ ሰባ አምስት ፓውንድ" ይላል። በዚያ በረዶ ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ በእግሯ ሄደች፤ ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አሁን የላትም። ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ገና ስታያት ብድግ አለች። ትምህርት ቤት ሳለች ኖርማ ድንች ጨምራ የምታወጣላት ነበረች።

"እማማ ኖርማ! ምን ልታዘዝ?"

"ልጄ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ግብር ቆርጣችሁብናል። ስሕተት ነው።"

ልጅቷ ኮምፒዩተሩ ላይ ጥቂት ፈለገች። "ስሕተት አይደለም፣ እማማ። አምና ኤፕሪል ላይ በአሥራ ሁለት ወር ይከፋፈልልኝ ተብሎ ተፈርሟል። ዘጠና የነበረው ሰባ አምስት ሆነ፣ በምትኩ ሁለቱ ወራት ተጨመሩ። የዓመቱ ያው ነው።"

"ማነው የፈረመው?"

"አቶ ክሊፎርድ ሌይድለር ይላል።"

"አቶ ክሊፎርድ" አለች ኖርማ፣ ቀስ ብላ። "እና በየወሩ አሥራ አምስት ፓውንድ ሲቀርልን ከርሟል ማለት ነው?"

"በየወሩ።"

"አሥር ወር ሙሉ?"

"አሥር ወር።"

"አንቺ አይተሻታል?"

"እኔ?" አለች ልጅቷ ደንግጣ።

"እኔም አላየኋትም" ብላ ኖርማ ወጣች።

ክሊፍ ምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሾርባ እየጠጣ አገኘችው። ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

"ክሊፎርድ።"

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ሙሉ ስሙን ከእናቱ ሌላ የጠራችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ሦስት ጊዜ ብቻ።

"ምን አደረግኩ?"

"አሥራ አምስት ፓውንዷ የት አለች?"

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበው። "ቅናሽ መስሎኝ ነው" አለ። "ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ወጣት ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ 'አባባ፣ ግብርዎ በወር እንዲያንስልዎ ይፈልጋሉ?' አለኝ። አልፈልግም የሚል ማን አለ? ፈረምኩ። አነሰ። ተከራክሬ ያስቀነስኩ ነው የመሰለኝ፤ ኩራት ኩራት አለኝ።"

"ታዲያ ኩራትህን ለምን ለኔ አላካፈልከኝም?"

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ሴፕቴምበር።"

ሴፕቴምበር ካለ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም። ሴፕቴምበር የባሮ ሽንኩርት ውድድር የሚደረግበት ወር ነው። እዚያ አገር፣ በሕይወቱ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ወንድ ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት በተከራያት ቁራሽ መሬት ላይ እንደ ሕፃን ጭን የወፈረ ባሮ ሽንኩርት ያበቅላል፤ ሲደርስ አጥቦና አበጥሮ ወደ ወዛደሮች ክበብ ወስዶ ያስለካዋል። የክሊፍ ዘር ከአባቱ የወረሰው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ተወዳድሮ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዴም ሁለተኛ ወጥቷል። አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ችግኙ የሚጀመረው በክረምት፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ነው፤ ሙቀት ካላገኘ አይሆንም።

"ላምባ" አለች ኖርማ። "ላምባ ገዛህበት።"

"ላምባና... የላምባ ማሞቂያ። ትንሽ ደግሞ አፈር።"

"እኔ እዚህ ሁለት ሹራብ ደርቤ የሻይ ኩባያ አቅፌ ስንቀጠቀጥ፣ ሽንኩርትህ እዚያ ላምባ ይነድለታል?"

"አንቺ ሹራብ መደረብ ትችያለሽ" አለ ክሊፍ። "እሱ አይችልም።"

ኖርማ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው። ሳቋ አናደዳት፤ ንዴቷ መልሶ አሳቃት። ወንበር ስባ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን ሰባ አምስቷ ፓውንድ እንደጎደለች ነበረች።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ሂልዳ ስታወራ ስልኩ ከጆሮ ቢርቅም ይሰማል።

"አንቺ ልጅ፣ ሻንጣ ገዛሁ! ቀይ! አራት ፓውንድ። አንድ ጎማ የለውም፤ እንደ እኔ ያነክሳል፣ እንግባባለን። ለሕንጻው ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ያቺ ፎቅ ላይ ያለችው ባለ ውሻዋ እንኳ በቅናት ከውሻዋ ጋር ማኩረፍ ጀምራለች። ኖርማ?"

"አለሁ።"

"ኦፕራሲዮኑን ፈርቼው ነበር፤ ላንቺ ምን ልደብቅሽ። አሁን ግን ተወኝ። ስካርቦሮን ልይ እንጂ ከፈለጉ ሁለቱንም ዳሌ ይውሰዱት።"

"ጥሩ ነው" አለች ኖርማ። "በጣም ጥሩ ነው።" ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ፣ "ልንነግራት ነው" አለች።

"ማነው የሚነግራት?"

"የፈረመው።"

ክሊፍ ሾርባውን ምድጃው ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

"ዊልፍ" አለ።

ዊልፍ ሄሮን መሬቱ ከክሊፍ መሬት የሚዋሰን ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ውድድር ላይ ከክሊፍ ኋላ እንጂ ፊት ሆኖ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ዘር አንድ ችግኝ እንዲሸጥለት ለምኗል፤ ክሊፍም ሃያ ዓመት ሙሉ "የአባቴ አጥንት ይፋረደኛል" ሲለው ኖሯል።

"የአባትህ አጥንትስ?" አለች ኖርማ።

"አባቴ ሂልዳን ይወዳት ነበር።"

"አባትህ ሂልዳን አያውቃትም።"

"ቢያውቃት ይወዳት ነበር" አለና አስነጠሰ።

በማግሥቱ ጠዋት አየሩ ጋብ ብሎ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ገና አልተከፈተም። ሁለቱም ቦት ጫማ አጥልቀው ወደ መሬቱ ወረዱ። ዊልፍ ከመስታወት ቤቱ ጣሪያ ላይ በረዶ በመጥረጊያ ሲያወርድ አገኙት።

"እሰይ! ሟቹ ተነሣ!" አለ። "ክሊፍን ጉንፋን ጨረሰው ተብሎ ክበብ ውስጥ መዋጮ ጀምረን ነበር።"

"ስንት ደረሰ?" አለች ኖርማ።

"ሁለት ፓውንድ። አንዱ የራሴ ነው።"

ክሊፍ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ዊልፍ፣ ከዘሩ... ስድስት ችግኝ ልሸጥልህ ነው" አለ።

ዊልፍ መጥረጊያውን ለቀቀው። ኖርማን አየ፣ ክሊፍን አየ፣ እንደገና ኖርማን አየ። "በእውነት ታሟል እንዴ ሰውዬው?"

"ጤነኛ ነው። ትገዛለህ አትገዛም?"

"ስንት ስንት?"

"አምስት..." ክሊፍ ሊል ሲጀምር ኖርማ እግሩን ረገጠችው። "አሥራ አምስት አሥራ አምስት" አለች።

"ለሽንኩርት! ኧረ ኖርማ፣ ገበያ ላይ አንድ ፓውንድ አይሞላም!"

"የምትፈልገው ሽንኩርት ከሆነ ገበያ ሂድ፤ ከጎኑ ካሮትም አለልህ። ይሄ ሽንኩርት አይደለም። ይሄ ሃያ ዓመት እንቅልፍ የነሣህ ነገር ነው።"

"አሥር።"

"ና ክሊፍ፣ እንሂድ። የታችኛው መሬት ሰውዬ ትናንት ሲጠይቅህ አልነበር?"

ክሊፍ ውሸት አይሆንለትም። "የቱ ሰውዬ?" ሊል አፉን ሲከፍት ማስነጠስ መጣበትና እግዜር አወጣው። ዊልፍ ግን ወደ ታችኛው መሬት አንገቱን ዘለግ አድርጎ አየ፤ ፊቱም ተለዋወጠ።

"እሺ፣ አሥራ አምስት። ገዳይ ነሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት ድንች ስታወጪ መኖርሽ ያሳዝናል፤ ባንክ ነበር ቦታሽ።"

"ባንክ ብሆን ማንም እንዳይነካው ፌብሩዋሪን እቆልፍበታለሁ" አለች።

ችግኞቹን ለመምረጥ ክሊፍ ብቻውን ወደ መስታወት ቤቱ ገባ። ኖርማ ተከትላው ስትገባ በእርግጥም ከቤቷ ይሞቃል። ቀጫጭኖቹን ይሰጠዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ወደ ብርሃን እያዞረ፣ ወፋፍራሞቹን ለየ።

"ምነው ደህና ደህናዎቹን?" አለችው በሹክሹክታ።

"የአባቴን ዘር ይዞ አሥረኛ ቢወጣ የሚዋረደው እሱ ነው እንዴ?"

ስድስቱን በሳጥን አድርጎ ለዊልፍ ሰጠውና ጀርባውን አዙሮ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጉንፋን ነው አለ። ኖርማም ጉንፋን ነው አለች።

ዘጠና ፓውንድ ሆነ። ሰባ አምስቱን ከሃምሳ አምስቱና ከመሳቢያዋ ሠላሳ ጋር ደምራ ረቡዕ ለሆቴሉ አስገባች፤ አሥራ አምስቷ ለኪስ ተረፈች።

በዚያው ወር የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ሄዱ፤ ስካርቦሮ አራቱንም ቀን ዘነበ። ሂልዳ መስኮቱ አጠገብ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ያን የማያውቃትን ባሕር ስታይ ዋለች፤ ቁርስ ላይ የተረፈ ቂጣ በመሐረብ ጠቅልላ ለምሳ ታወጣለች። በሦስተኛው ቀን ከሆቴሉ እንግዶች ጋር ካርታ ተጫውታ ከአንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ላይ አራት ፓውንድ በላች። "ሲፈርድ ኖሮ ዛሬ ተፈረደብኝ ይበል" እያለች በኮሪደሩ ስትስቅ፣ ኖርማ ያን ሳቅ ከሂልዳ ባል ቀብር በኋላ ሰምታው እንደማታውቅ አሰበች። ኪሷ ውስጥ ካለችው አሥራ አምስት ፓውንድ ዓሣና ድንች ገዝተው፣ ሰው በሌለበት የባሕር ዳር መጠለያ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠው ከወረቀቱ በሉ።

"ቀዘቀዘብኝ" አለች ሂልዳ።

"ዓሣው ነው?"

"እኔ ነኝ። ግን እንዳንነሣ።"

ኦፕራሲዮኑ ማርች ላይ ደህና ሆነ። ኤፕሪል ሳይገባ ኖርማ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ክፍያውን ወደ አሥር ወር አስመለሰች። ልጅቷ ግራ ገባት።

"እማማ፣ በአሥራ ሁለት እኮ በየወሩ ትንሽ ይቀልልዎታል። ጥቅሙ ምንድን ነው?"

"ልጄ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት አድርገሽ አሥር ጊዜ ከሰጠሽኝ አንዴም አልሰጠሽኝም። ወይ ላምባ ይሆናል፣ ወይ ዳቦ ይሆናል፣ ወይ ማንም አያውቀውም። አንዴ ዘጠና ስጪኝ፤ ያኔ ፊቱን አየዋለሁ።"

የባንኩን ካርድም ከዚያ ወዲህ የምትይዘው እሷ ሆነች። ክሊፍ አልተከራከረም፤ ለላምባው በወር አምስት ፓውንድ ፈቀደችለት፣ እሱም እንደ ደመወዝ ጭማሪ ቆጠረው።

ሴፕቴምበር ላይ ክበቡ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ባሮ ሽንኩርቶቹ ተደረደሩ። ዳኞቹ ሜትራቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት ዞሩ። ዊልፍ ሄሮን አንደኛ ወጣ። ክሊፍ ሌይድለር ሁለተኛ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ክሊፍ ምን እንደሚል ለማየት ዞረ። ክሊፍ ቢራውን አስቀምጦ ተነሣ።

"የአባቴ ዘር አንደኛም ሁለተኛም ወጣ" አለ። "ሦስተኛ ማነው? እሱም ከፈለገ ኖርማን ያነጋግር።"

ዊልፍ ለአዳራሹ ሁሉ አስቀዳ፤ ለኖርማ ግን ድርብ አስቀዳላት። "እንደ አንቺ የዘረፈኝ ሰው የለም፤ እንደ አንቺም ያበለጸገኝ የለም" አላት። ክሊፍ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ዝም አላለም፤ አሁን ሁለት ቦታ ላይ የሚያድግ ዘር እንዳለው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዳለ፣ አባቱም ቢሆን ይህን ሊያስብ ይገባው እንደነበር እየነገራት ሄደ። ኖርማ እግሯ ደክሟት ነበር፤ እሺ እሺ እያለች ሰማችው።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ኖርማ ሌይድለር አሁን ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከወጥ ቤቱ ጡረታ ወጥታለች፤ ከክሊፍ ጋር በዚያው ቤት ትኖራለች፣ ሂልዳም ሁለት በር አልፋ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለአረጋውያን ምሳ ትሠራለች፤ ከአረጋውያኑ ግማሾቹ በዕድሜ ከእሷ ያንሳሉ።